ለቃል ኪዳን ቀለበት የአገራችን ድንጋይ፦ ኦፓል፣ ኤመራልድ ወይስ ሰንፔር?

የሲልቨር_ስፕሪንጉ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከፋሲካ በኋላ አዲስ አበባ እገባለሁ፣ ሽማግሌ ልልክ ነው። ቀለበቱ ላይ ከአገራችን የወጣ ድንጋይ እንዲሆን ፈልጌያለሁ። ሦስት አማራጭ ይዣለሁ፦ የወሎ ኦፓል፣ የሻኪሶ ኤመራልድ እና የአክሱም አካባቢ ሰንፔር።

ልቤ ወደ ኦፓሉ ያደላል። ውስጡ የሚመላለሰውን ቀይና አረንጓዴ ሌላ ድንጋይ ላይ አይቼ አላውቅም። ግን የማገባት ልጅ ነርስ ናት። ቀኑን ሙሉ እጇን ትታጠባለች፣ ሳኒታይዘር ትጠቀማለች፣ ጓንት ታጠልቃለች ታወልቃለች። ጓደኛዬ "ድንጋይ ድንጋይ ነው፣ ምን ይሆናል?" ይለኛል። እውነት ሁሉም አንድ ነው? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ቆራጩ_ፒያሳ

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ። የጓደኛህን ምክር ግን አትስማው። ድንጋይ ሁሉ አንድ አይደለም።

ኦፓል እየቆረጥኩ ነው የኖርኩት፣ እወደዋለሁም። ለነርስ ጣት ግን አልሰጠውም። የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ውስጡ ለዓይን የማይታዩ ክፍተቶች አሉት። ውሃ ውስጥ ስትነክረው ቀስ እያለ ይመጠዋል፣ ቀለሙ ይጠፋል፣ አንዳንዱ እንደ ብርጭቆ ጥርት ብሎ ይቀራል። ሰው ይደነግጣል። አውጥተህ በክፍሉ አየር ስትተወው በቀናት ውስጥ ይደርቅና ቀለሙ ይመለሳል። ማድረቂያ ማሽንም ፀሐይም አያስፈልገውም። በሙቀት ካቻኮልከው የመሰንጠቅ አደጋ አለ።

ስለዚህ ውሃ ብቻውን አይገድለውም። የሚያሰጋው ከውሃው ጋር የሚገባው ነው። ሳሙና፣ ሎሽን፣ ዘይት፣ ቀለም ያለው ነገር ሁሉ አብሮ ይሰርጋል። ውሃው ይወጣል፣ ቅባቱ ግን ይቀራል። ከጊዜ በኋላ ድንጋዩ ይደበዝዛል ወይም ቢጫ ይላል። ሆስፒታል የምትሠራ ልጅ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትታጠብ አስበው።

የደላንታ_ልጅ

ጋሼ ቆራጩ ያሉት ልክ ነው፣ ግን ሰው ይህን ሲያነብ "የወሎ ኦፓል ደካማ ነው" ብሎ እንዳይሄድ እፈልጋለሁ። እኔ የወሎዋ ደላንታ፣ የወገል ጤና ልጅ ነኝ። ስማችን በማያውቁት ሰዎች ሲጠፋ ያመኛል።

ለዚህ ስም አንዱ ምክንያት ከእኛው በፊት ገበያ ላይ የመጣው ኦፓል ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ገበያ ላይ የወጣው የኢትዮጵያ ኦፓል የሸዋ ነበር፣ የመንዝ ግሼ። ክብ ክብ ጓል ሆኖ ነው የሚወጣው፣ መደቡ (የድንጋዩ የራሱ ቀለም) ብዙ ጊዜ ቡናማ ነው። ከእሱ ብዙው እየተሰነጠቀ ገዢውን አስቀየመ። የእኛ የደላንታው ገበያውን ያጥለቀለቀው እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ነው። መደቡ ነጭ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ ወይም ጥርት ያለ ነው። በጥንካሬው ከሸዋው በጣም ይሻላል። ገዢው ግን ሁለቱንም "የኢትዮጵያ ኦፓል" ብሎ አንድ ላይ ፈረደባቸው።

አወጣጡንም ልንገራችሁ። ደላንታ ደጋ ነው፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ኦፓሉ ያለው ከአምባው ጫፍ በታች፣ ገደሉ ወገብ ላይ ባለ አንድ ቀጭን ንብርብር ውስጥ ነው። ውፍረቱ አንድ ሜትር አይሞላም። ወጣቶቹ በገደሉ ጥግ በቀጭን መንገድ ሄደው፣ ንብርብሩን ተከትለው ወደ ጎን ይቆፍራሉ። መሣሪያቸው ዶማ፣ መዶሻና የእጅ ባትሪ ነው። ጣሪያው የሚደገፍበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሲደረመስ ሰው ይበላል። ይህን የምጽፈው ድንጋዩን ስትገዙ ማን እንዳወጣው እንድታውቁ ነው።

መምህርት_ጂኦሎጂ

የደላንታ ልጅ፣ ይህን ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። ስለ ኦፓል ሲወራ ቆፋሪዎቹ ሁልጊዜ ይረሳሉ።

ወደ ጥያቄው ልግባ። የሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድማችን የጠቀስካቸው ሦስቱ ድንጋዮች ከሦስት የተለያዩ ቤተሰቦች ናቸው። ዋጋን ሻጭ ሊቀያይረው ይችላል። ቤተሰብ ግን አይለወጥም። ድንጋዩ ውሃን፣ ሙቀትንና ግጭትን እንዴት እንደሚችል የሚነግርህም እሱ ነው።

ኦፓል ከሁሉም ለየት ይላል፤ በትክክለኛው ትርጉም ክሪስታል አይደለም። ክሪስታል ማለት አተሞቹ በማያቋርጥ፣ በሚደጋገም ሥርዓት የተደረደሩ ጠጣር ነገር ነው። ኦፓል ሲሊካና ውሃ ነው። ውሃው ብዙውን ጊዜ ከክብደቱ ከ3 እስከ 10 በመቶ ይሆናል። ቀለሙ የሚመጣው ከማቅለሚያ ንጥረ ነገር አይደለም። ውስጡ ከ150 እስከ 300 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) የሆኑ ጥቃቅን የሲሊካ እንክብሎች ተደርድረዋል። ብርሃን በመካከላቸው ሲያልፍ ይበታተናል፣ እንደ እንክብሎቹ መጠን ቀይ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ይህን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይተው ያረጋገጡት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1964። ከዚያ በፊት ምክንያቱ በግምት ነበር የሚነገረው።

ኤመራልድ የቤሪል ቤተሰብ ነው። ቤሪል ንጹሕ ሲሆን ቀለም የለውም። ጥቂት ክሮሚየም ወይም ቫናዲየም ሲገባበት ኤመራልድ ይሆናል። ብረት ሲገባበት ሰማያዊው አኳማሪን፣ ማንጋኒዝ ሲገባበት ሮዝማው ሞርጋናይት። እነዚህ ሁሉ ወንድማማች ናቸው።

ሰንፔር ደግሞ የኮረንደም ቤተሰብ ነው፣ የአሉሚኒየምና የኦክስጅን ውሁድ። ክሮሚየም ሲያቀላው ሩቢ እንለዋለን። ብረትና ታይታኒየም ሰማያዊ ሲያደርጉት ሰንፔር ነው። ቢጫም አረንጓዴም ሰንፔር አለ። ሩቢና ሰንፔር አንድ ማዕድን መሆናቸውን ስነግራቸው ተማሪዎቼ መጀመሪያ አያምኑኝም።

ከሦስቱ ሌላ አራተኛ ቤተሰብ ልጨምር፣ ኳርትዝ ነው። አሜቲስት፣ ሲትሪን፣ አጌት፣ ጃስፐር፣ ካርኔሊያን ሁሉ እዚህ ይገባሉ። ቀለበትህን ባይመለከትም አንድ ነገር ልብ በል፦ በየቤቱ ያለው አቧራ ውስጥ ኳርትዝ አለ። ጥንካሬው በሞስ መለኪያ 7 ነው። ከ7 በታች የሆነ ድንጋይ አቧራ በተጠረገበት ቁጥር እየተጫረ ይሄዳል። ኦፓል ከ5.5 እስከ 6.5 ነው። ኤመራልድ ከ7.5 እስከ 8። ሰንፔር 9። አልማዝ 10። ይህ መለኪያ እ.ኤ.አ. ከ1812 ጀምሮ አለ፣ ፍሪድሪኽ ሞስ የተባለ ጀርመናዊ ያወጣው ነው። የሚናገረው የትኛው የትኛውን እንደሚጭር ብቻ ነው፣ ርቀታቸው እኩል አይደለም። በ9 እና በ10 መካከል ያለው ልዩነት ከሌሎቹ እጅግ ይሰፋል።

የሲልቨር_ስፕሪንጉ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህርት። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ የለም። ታዲያ ኤመራልድ 7.5 ከሆነ ለቀለበት ይበቃል ማለት ነው? አረንጓዴ ትወዳለች፣ ሻኪሶ ደግሞ እናቷ ያደገችበት አገር ነው።

ቆራጩ_ፒያሳ

እዚህ ላይ ተጠንቀቅ። አለመጫርና አለመሰንጠቅ ሁለት ነገር ናቸው። ኤመራልድ በቀላሉ አይጫርም። ግን ውስጡ ከተፈጥሮው ስንጥቅና ጉድፍ የበዛበት ነው። ጠረጴዛ ጠርዝ ሲገጨው ጥጉ ይሸረፋል። ጥጎቹ ተቆርጠው ስምንት ማዕዘን የሚሆነው አንድም ለዚህ ነው።

ሌላው ዘይቱ ነው። አብዛኛው ኤመራልድ ስንጥቁ እንዳይታይ ዘይት ወይም ሬዚን ይገባበታል። የቆየ አሠራር ነው፣ እስከተነገረህ ድረስ ነውር የለበትም። የሻኪሶው አንዳንዱ ያለ ዘይት ጥርት ብሎ ይገኛል፣ ዋጋው ግን ያንኑ ያህል ይሰቀላል። ዘይት የገባበትን አልኮል፣ ሙቅ ውሃና የአልትራሳውንድ ማጠቢያ ያደርቁታል። ሳኒታይዘር አልኮል ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ተደብቆ የነበረው ስንጥቅ ብቅ ይላል።

መምህርት_ጂኦሎጂ

ስንጥቁ የሚበዛበት ምክንያት አፈጣጠሩ ነው። ኤመራልድ እንዲፈጠር በተፈጥሮ እምብዛም የማይገናኙ ሁለት ነገሮች መገናኘት አለባቸው። ቤሪሊየም ፔግማታይት ከሚባለው ዓለት ይመጣል። ክሮሚየም ደግሞ ማግኒዚየም ከበዛበት ጥቁርማ ዓለት። ሻኪሶ ባለበት በጉጂ፣ በሰባ ቦሩ በኩል፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተገኙ። ፔግማታይቱ በጥቁሩ ዓለት ውስጥ ሰንጥቆ ሲገባ በድንበሩ ላይ ኤመራልዱ በቀለ። በዚያ ሁሉ ጫና መካከል የበቀለ ክሪስታል ንጹሕ ሆኖ ቢወጣ ነው የሚገርመው። አካባቢው በወርቅና በታንታለም የታወቀ ነበር፤ ኤመራልዱ ዓለም አቀፍ ገበያን ያነጋገረው እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ገደማ ነው።

ብርሃነ_መንፈስ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ፈውስ ኃይላቸው ማንም ምንም አላለም። እኔ አሜቲስት ትራሴ ሥር አስቀምጣለሁ፣ እንቅልፌ ተስተካክሏል። ኳርትዝ ኃይል ከሌለው ለምን ሰዓት ውስጥ ይገባል? ይህን ሳይንቲስቶችም ያምናሉ።

መምህርት_ጂኦሎጂ

እህቴ፣ እንቅልፍሽ መስተካከሉ ደስ ይላል። ማታ ድንጋዩን አስቀምጦ፣ ስልክን አርቆ፣ ረጋ ብሎ መተኛት በራሱ ይረዳል። የሰዓቱን ነገር ግን ላስረዳሽ፣ እውነተኛው ታሪክ ከምታስቢው የበለጠ ያስደንቃል።

ኳርትዝን ስትጫኚው በሁለት ጎኑ ጥቂት የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ኤሌክትሪክ ስትሰጪው ደግሞ ይርገበገባል። ዣክ እና ፒዬር ኩሪ የተባሉ ወንድማማቾች የመጀመሪያውን ክፍል እ.ኤ.አ. በ1880 አገኙት። በሰዓት ውስጥ በቀጭኑ የተቆረጠ ኳርትዝ አለ። ከባትሪ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ሰዓቱ ያንን ቆጥሮ አንድ ሰከንድ ይላል። ባትሪው ሲያልቅ ይቆማል። ኳርትዙ ኃይል አያመነጭም፣ የተሰጠውን ኃይል በማይዛነፍ ምት ይመልሳል እንጂ። እንቅልፍ የሚያስተካክል ወይም በሽታ የሚፈውስ ክሪስታል ስለመኖሩ ማስረጃ የለም። የሐኪም ቀጠሮ ያለው ሰው በድንጋይ አይተካው፣ ይህን በጣም አደራ እላለሁ።

ሥራቸውን ካነሳን አይቀር ሌሎቹም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1960 የመጀመሪያውን ሌዘር ቴዎዶር ሜይማን የሠራው በሰው ሠራሽ ሩቢ ነው። ውድ ሰዓቶች ላይ የማይጫረው መስታወት ሰው ሠራሽ ሰንፔር ነው። ጋርኔት ተፈጭቶ የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል፣ ብረት በውሃ ግፊት በሚቆረጥበት ማሽንም ከውሃው ጋር ይረጫል።

ዴይራ_ዱባይ

ሰላም ቤተሰብ። እኔ የምጽፈው ስለ ግዢ ነው። ዴይራ ወርቅ ገበያ አጠገብ እሠራለሁ፣ የአገራችን ድንጋይ ሲያልፍ አያለሁ።

ኦፓል ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ሲሸጥ ካያችሁ አትግዙ። እርጥብ ኦፓል ክብደቱ ይጨምራል፣ አንዳንዱ አሥር በመቶ ገደማ። ሽያጩ በካራት ነው፣ አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው፣ እናንተ የውሃ ዋጋ ትከፍላላችሁ። ስንጥቅም ውሃ ውስጥ አይታይም።

ጥቁር የወሎ ኦፓል ሲቀርብላችሁም ጠይቁ። በወሎ ተፈጥሯዊ ጥቁር አለ፣ አይካድም። ግን ብዙው ነጩ በጭስ ታጥኖ ወይም በስኳርና በአሲድ ተሠርቶ የጠቆረ ነው። ደማቅ ወይን ጠጅና ደማቅ ሰማያዊ መደብ ያለው ደግሞ ቀለም የተነከረ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ድንጋዩ ውሃ ስለሚጠጣ ቀለምም ይጠጣል።

ሰንፔር ከብርጭቆ መለየት ለፈለገ ቀላል ዘዴ አለ። ያልታሰረ ድንጋይ ይሁን፣ ስሱ ሚዛን ይኑራችሁ። በአየር ላይ መዝኑት። ከዚያ በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ውሃ ውስጥ እያለ መዝኑት። የመጀመሪያውን ክብደት ለቀነሰው መጠን አካፍሉት። ለምሳሌ 2 ግራም የነበረው ውሃ ውስጥ 1.5 ከሆነ የቀነሰው 0.5 ነው፣ ውጤቱ 4 ይመጣል። ኮረንደም 4 ነው። ኳርትዝ 2.65፣ ቤሪል 2.7 ገደማ። ተራ ብርጭቆ 2.5 አካባቢ ነው። ይህ ዘዴ ግን ላቦራቶሪ የተሠራን ሰንፔር ከተፈጥሮው አይለይም፣ ማዕድኑ አንድ ስለሆነ። እሱን በማጉያ መነጽር ውስጡን የሚያነብ ባለሙያ ነው የሚለየው። ሰው ሠራሽ ሩቢና ሰንፔር ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፣ ሩቢው ቬርኔይ የተባለ ፈረንሳዊ ዘዴውን ይፋ ካደረገበት እ.ኤ.አ. ከ1902 ጀምሮ አለ፣ ሰንፔሩም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለ።

ኦፓል ላይ ይህን የውሃ ሙከራ እንዳትሞክሩ።

የደላንታ_ልጅ

ዴይራ፣ ስለ ገበያው ካነሳህ አንድ ነገር ልጨምር። ከደላንታ የሚወጣው ጥሬ ኦፓል አብዛኛው ሕንድ፣ ጃይፑር ይሄዳል። እዚያ ይቆረጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ለዓለም ይሸጣል። ገደል ውስጥ ገብቶ ያወጣው ልጅ የሚያገኘውና ቀለበቱ ላይ ያለው ዋጋ አይገናኙም። የእኛ ልጆች መቁረጥ መማር አለባቸው። ማሽኑ ተራራ የሚያክል አይደለም፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ዳያስፖራው ሲገዛ "አገር ቤት የተቆረጠ አለ?" ብሎ ቢጠይቅ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ጠያቂ ሲበዛ ቆራጭ ይበዛል።

ቆራጩ_ፒያሳ

የደላንታ ልጅ እውነቱን ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ የመቁረጥ ሙያ በሁለት ሳምንት ሥልጠና አይመጣም። ማሽን ተሰጥቷቸው፣ ጥሩውን ድንጋይ ሰባብረው ተስፋ የቆረጡ ልጆች አሉ። ልጆቹ ከማሽኑ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያሳያቸው ሰው ይፈልጋሉ። ኦፓልን ስትቆርጠው እያቀዘቀዝከው ነው፣ ግን የምታቀዘቅዝበት ውሃ ይገባበታል፣ ቀለሙን ይደብቅብሃል። ቀለሙ በየትኛው ጎን እንዳለ ደረቅ እያለ ምልክት አድርገህ መጀመር አለብህ። ይህን የሚያስተምር ሰው ሲኖር ነው ብክነቱ የሚቀንሰው።

የሲልቨር_ስፕሪንጉ

ሁላችሁንም አንብቤ ወደ ሰንፔር ሄጃለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንድ፣ ያየኋቸው የአገራችን ሰንፔሮች ጠቆር ይላሉ፣ ለምን? "ሙቀት ያየ" የሚሉትስ መጥፎ ነው? ሁለት፣ ኦፓሉንም መተው አልቻልኩም፣ በሌላ ነገር ላይ ላደርገው እችላለሁ?

መምህርት_ጂኦሎጂ

የሰሜኑ ሰንፔር ከባዛልት ጋር የወጣ ነው። እሳተ ገሞራው ከጥልቅ ይዞት መጣ፣ ባዛልቱ ሲበሰብስ ድንጋዩ አፈርና ጅረት ውስጥ ቀረ። እንዲህ ዓይነት ሰንፔር ብረት ይበዛበታል፣ የሚያጠቁረው እሱ ነው። የታይላንድና የአውስትራሊያም ብዙው እንዲሁ ነው። በከፍተኛ ሙቀት ሲጋገር ቀለሙ ሊከፈት ይችላል። ለውጡ ዘላቂ ነው፣ በእጥበት አይለቅም፣ በዓለም ገበያ ላይ ያለው ሰንፔር አብዛኛው ሙቀት ያየ ነው። መጥፎ የሚሆነው ያልጋለ ተብሎ በውድ ሲሸጥ ነው። ድንጋዩን የቀን ብርሃን ላይ እየው፣ ከሱቁ መብራት ውጭ። እዚያም ሰማያዊ ከሆነ ሰማያዊ ነው።

ቆራጩ_ፒያሳ

ለሁለተኛው እኔ ልመልስ። ኦፓሉን ጆሮ ጌጥ ወይም የአንገት ሐብል አድርገው። ጆሮ ጠረጴዛ አይገጭም፣ ሳሙና ውስጥም አይገባም። ሽቶና የፀጉር ስፕሬይ መጀመሪያ ትጠቀም፣ ደርቆ ካለቀ በኋላ ታድርገው። ከጀርባው ተዘግቶ የታሰረውን አትምረጥ፣ ውሃ ቢገባ ቶሎ እንዲደርቅ ክፍት ይሁን።

ሰንፔሩን ደግሞ ጥፍር ባላቸው እግሮች አታሳስረው፣ ጓንቷን ይቀዱባታል። ዙሪያውን ወርቁ የሚያቅፈው፣ ከጣት ብዙ ከፍ የማይል ይሁን። ወርቁ 18 ካራት (በወርቅ ካራት የንጽሕና መለኪያ ነው፣ የክብደት አይደለም) ቢሆን ይበቃል፣ 21 ለዕለት ሥራ ይለሰልሳል።

ዴይራ_ዱባይ

ሰንፔሩ ዋጋው ከፍ ካለ ከመክፈልህ በፊት የላቦራቶሪ ወረቀት ጠይቅ። እናንተ ጋ አሜሪካ ጂአይኤ የሚባል የከበሩ ድንጋዮች መመርመሪያ ተቋም አለ። ወረቀቱ ላይ ተፈጥሯዊ መሆኑን፣ ሙቀት ማየት አለማየቱን አንብብ። መጠኑንና ካራቱን ከድንጋዩ ጋር ራስህ አስተያይ፤ የሌላ ድንጋይ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሻጭ አለ። የጣቷንም ልክ ከእህቷ ጠይቅ፣ ዙሪያውን የሚያቅፍ ቀለበት በኋላ ለማስፋት ያስቸግራል።

የሲልቨር_ስፕሪንጉ

ለእህቷ አሁን ደወልኩላት፣ ልኩን ነገ ትልክልኛለች። የደላንታ ልጅ፣ ለጆሮ ጌጡ አገር ቤት የተቆረጠ፣ መጠኑና ቀለሙ የሚመሳሰል ጥንድ እፈልጋለሁ። ብርቱካናማ መደብ ቢሆን እመርጣለሁ። በውስጥ መልእክት ጻፍልኝ።